የእትዬ ሁለት ፓስፖርቶች

ሰኞ፣ ጥር 6

«የሚያስጨንቅህን ጻፈው፤ ለማንም ማሳየት የለብህም» ያለችኝ የትምህርት ቤታችን አማካሪ ናት። ማሳየቱ አያሰጋኝም። አባዬ መነጽሩን ሱቅ ትቶት ነው የሚመጣው፤ እማዬ የእኔን ጽሑፍ ዶሮ የጫረችው ነው የምትለው፤ ድምቡሼ ደግሞ የእኛን ፊደል ገና አልለየችም።

ዛሬ ኢሚግሬሽን ሄድን። አባዬ፣ እኔና ድምቡሼ። ድምቡሼ የእትዬ ልጅ ናት፤ ስድስት ዓመቷ ነው። ስሙ የወጣላት በሕፃንነቷ ፎቶ ነው እንጂ አሁን እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነች ናት። እትዬ እህቴ ነበረች። «ነበረች» የሚለውን ስጽፍ እጄ ቆመ፤ ስለዚህ ስለ ቢሮው ልጻፍ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ ውጭ አገር ብዙ ዓመት ኖራለች። እዚያ አግብታ፣ እዚያ ወልዳ፣ የዚያን አገር ዜግነት ወስዳለች። የእኛ ሕግ ሁለት ዜግነት አይፈቅድም፤ የዚያን ስትወስድ የእኛን ፓስፖርት መመለስ ነበረባት። አልመለሰችም። እዚያ ያሉት ሁሉ እንደዚህ ነው የምናደርገው ትል ነበር፤ ከዚያ ሲወጡ አዲሱን፣ እዚህ ሲገቡ አሮጌውን ያሳያሉ። «የተወለድኩበት ሰፈር ለመግባት ቪዛ ልለምን እንዴ?» እያለች ትስቃለች። ድምቡሼ ግን አሮጌ ፓስፖርት የላትም። ስለዚህ በአንድ ቀን፣ በአንድ በር፣ እናት እንደ አገር ሰው፣ ልጅ እንደ እንግዳ ሆነው ገቡ።

ከዚያ እትዬ እዚሁ እያለች አረፈች። የሞት ምስክር ወረቀቷ የተጻፈው በአሮጌው ፓስፖርት ስም፣ ማለትም በአባዬ ስም ነው። በድምቡሼ የልደት ወረቀት ላይ ያለችው እናት ግን የባሏን ስም የያዘች የውጭ ዜጋ ናት።

«እነዚህ ሁለት ሴቶች ናቸው» አለች ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ባለ መነጽር ሠራተኛ። «የሞተችው ሴት የዚህች ልጅ እናት ለመሆኗ ምን ማስረጃ አላችሁ?»

«እኔ አያቷ ነኝ» አለ አባዬ። «አፍንጫዋን ይመልከቱት እንጂ! ሌላ ምን ማስረጃ አለ?»

ተሰልፎ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «አባት፣ አፍንጫ አንመዘግብም። በልደት ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም የያዘ ማንኛውንም ነገር አምጡልኝ።»

የድምቡሼ የመቆያ ፈቃድ የሚያበቃው በመጋቢት መጨረሻ ነው። እስከዚያ ካልተረጋገጠ ለአገሯ ኤምባሲ ትሰጣለች። «ለአገሯ» አለች ሴትዮዋ፤ ድምቡሼ በዚያን ሰዓት የአባዬን ኮት ቁልፍ እየፈታች ትዘጋ ነበር።

አዲሱ ፓስፖርት ቤት አለ። አባዬም አልተነፈሰ፣ እኔም አልተነፈስኩ።


ረቡዕ፣ ጥር 8

አባዬ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሱቁ የቤታችን የፊት ክፍል ነው፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ፀጉር የምጠርገው እኔ ነኝ። ከእትዬ ወዲህ አባዬ ጢሙን አልተላጨም። ደንበኞቹ መጀመሪያ ዝም ብለው ነበር፤ አሁን ግን «ጢማም ፀጉር አስተካካይ ጥርሱ እንደወለቀ ጥርስ ሐኪም ነው» ማለት ጀምረዋል። እሱ በመስታወቱ ውስጥ አይቶ ፈገግ ይላል።

ዛሬ ወንበሩ ላይ ጠበቃው ነበር። ጠበቃ አይደለም፤ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነው። ፊቱ ግማሹ አረፋ፣ ግማሹ የተላጨ ሆኖ ጣቱን ቀስሮ ያስተምረናል።

«ያንን ፓስፖርት እንዳታወጡት! ማጭበርበር ነው። እሷ ሞታ አመለጠች፤ እናንተ ግን ተባባሪ ትባላላችሁ። እኔ የዚህን አገር ሕግ በልቼ ጨርሼዋለሁ።»

«ሆድህ እንዲህ የተነፋው ለካ ሕግ በልተህ ነው» አለው ተራውን የሚጠብቀው ታክሲ ነጂ።

አባዬ አልሳቀም። ምላጩን አየር ላይ ይዞ ቆሞ ነበር። «እሷ ሞታ አመለጠች» የሚለውን የሰማሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።


እሑድ፣ ጥር 12

ጋሼ ደወለ። ጋሼ የእማዬ ታላቅ ወንድም ነው፤ እሱም ውጭ ነው፣ እሱም ዜግነት ወስዷል፤ ብቻውን ነው የሚኖረው። እማዬ ስልኩን ጮክ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ዜግነቷን እንዳታስጥሏት አደራ! ሰው ባሕር የሚገባለትን ፓስፖርት እናንተ በነፃ ልትጥሉት ነው?»

«ማን ይጥላል አለህ?» አለች እማዬ። «እዚህ ትኑር ነው ያልነው።»

«እኔ ጋ ትምጣ። ክፍል አለኝ። ትምህርት ቤቱ ከቤቴ ፊት ለፊት ነው።»

«አንተ ሌሊት ነው የምትሠራው። ማን ያሳድራታል?»

«ሰው እቀጥራለሁ።»

«ሰው! እኛ ምንድን ነን ታዲያ?»

የድምቡሼን አባትም አነሱት። ከእትዬ ከተለያየ ቆይቷል፤ ሌላ ቤተሰብ አለው። እዚህ ብትኖር ይስማማኛል ብሎ ፈርሞ ልኳል። ጋሼ «የወረቀት አባት» አለው፤ እማዬ ደግሞ «ወረቀቱንም እግዜር ይስጠው» አለች። ከዚያ ሁለቱም ደክሟቸው ስለ ጉልበት ሕመም አወሩ።

ድምቡሼ ከጠረጴዛው ሥር ሆና ስትስል ነበር። የእኛን ቋንቋ ትሰማለች፤ ስትመልስ ግን በዚያኛው ነው። እኔ ደግሞ ያንን ቋንቋ ከትምህርት ቤት ይልቅ የተማርኩት ከእትዬ ጋር በስልክ ስንሳደብ ነው። ማታ መብራት ካጠፋን በኋላ ጠየቀችኝ፤ «አጎቴ፣ ስሄድ ስንት ሻንጣ ነው የሚፈቀድልኝ?»

«ወዴት ስትሄጂ?»

«እንጃ። ወደምትልኩኝ።»

ተኝቻለሁ አልኳት። የአሥራ ስድስት ዓመት አጎት እንዲህ ነው የሚመልሰው።


ሐሙስ፣ ጥር 16

ኬሚስትሪ ፈተና። ግማሹን ባዶ መለስኩ። መምህሩ «አይዞህ» አለኝ። አይዞህ ባይሉኝ ይሻለኝ ነበር። ድምቡሼ ሾርባዋን ምንጣፍ ላይ ደፋችው፤ እማዬ «ምንም አይደል የኔ እመቤት» ብላ ጠረገችው። እኔ ብሆን ኖሮ ጎረቤት ሁሉ ይሰማ ነበር።

እሷ ብትሄድ ክፍሌ ይመለስልኛል። በሌሊት የምትራገጥ ልጅ የለ፣ ትራሴ ላይ ከለር የለ። ይህን እዚህ የጻፍኩት እውነት ስለሆነ ነው። እውነት ነው።


ማክሰኞ፣ ጥር 21

እማዬና አባዬ ተጣሉ። ሱቁ ከተዘጋ በኋላ፣ መጋረጃውን ስበው፣ በሹክሹክታ። ሹክሹክታቸው ከጩኸት ይብሳል።

እማዬ ከሥራ መመለሷ ነበር፤ የሆቴል ልብስ መተኮሻ ክፍል ነው የምትሠራው፤ እጇ ሁልጊዜ ሙቅ ነው። «ነገ ፓስፖርቱን ይዘህ ሂድና ስጣቸው» አለችው።

«ልጄ የሞተችው በአገሯ ስም ነው። መቃብሯ ላይ ያለው የእኔ ስም ነው። አሁን ሄጄ ‹ዋሽታ ነው የገባችው፤ የውጭ ዜጋ ናት› ልበል? አፈር ከለበሰች በኋላ ላዋርዳት?»

«የሞተችውን ማንም አይወስድብህም፤ የቆመችውን ነው የሚወስዱብህ።»

«አንቺ ሴት፣ ቀስ በይ፤ ልጆቹ ይሰማሉ።»

«ይስሙ!»

እኔ ከማን ጋር እንደሆንኩ አላውቅም። እማዬ ትክክል ናት። ግን መዝገቡ ቢቀየር፣ የሞት ወረቀቷ ቢሰረዝ፣ መቃብር ቤት ድረስ ደብዳቤ ቢጻፍ ምን ይሆናል እያልኩ ስገላበጥ አድራለሁ። «ይህች ሴት የእናንተ አይደለችም» ቢሉንስ? የማይሆን ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። ፊዚክስ ላይ የማይሆኑ ነገሮችን ለይ ቢሉኝ እለያለሁ። እዚህ ላይ ግን አልቻልኩም።


ቅዳሜ፣ ጥር 25

ለድምቡሼ ጫማ ልገዛላት ወጣን። የያዘቻት ነጠላ ጫማ ብቻ ናት፤ ለአጭር ጉብኝት ነበር የመጡት። ጫማ ሻጩ «ልጅህ ናት?» ብሎ ቀለደብኝ፤ ድምቡሼ ኮስተር ብላ «አጎቴ ነው» አለችው። በእኛ ቋንቋ! ሻጩ ደነገጠ፤ እኔ ከእሱ የባሰ ደነገጥኩ። ቤት ስንደርስ እማዬ ፊት ድገሚው ብላት እምቢ አለች።

እትዬ ባረፈችበት ቅዳሜ «ና ጫማ እንግዛልህ» ብላኝ ነበር። ኳስ አለብኝ አልኳት። «ጫማህ አፉን ከፍቶ እየሳቀ ኳስ ትጫወታለህ?» አለችኝ። ነገ እንሄዳለን አልኳት። ከሜዳ ስመለስ የቤታችን በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር፤ ሱቁ ውስጥ ግማሽ ፀጉሩ የተቆረጠ ሰው ወንበር ላይ ብቻውን ተቀምጧል። አባዬ ማሽኑን እንኳን ሳያጠፋ ነበር ሆስፒታል የሮጠው።

ጨዋታውን አሸንፈን ነበር።


ረቡዕ፣ ጥር 29

እንደገና ኢሚግሬሽን። አባዬ የጎረቤት ምስክሮች አመጣ፤ ፎቶ አመጣ፤ የእትዬን የአንደኛ ደረጃ ሰርተፊኬት ሳይቀር አመጣ። ባለ መነጽሯ አንድ በአንድ አየቻቸው።

«እነዚህ ሁሉ ልጅዎ ልጅዎ መሆኗን ነው የሚያሳዩት። እሱንማ ማን ካደ? እኔ የጠየቅኩት ሌላ ነው። በዚህ ስም የተሰጠ ምንም ነገር የለም?»

«የለም» አለ አባዬ። ውሸት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር። አይችልበትም፤ ጆሮው ቀላ።

ድምቡሼን ለብቻዋ ማነጋገር እፈልጋለሁ አለች፤ በሁለት ሳምንት። አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ያላቸው አንድ አስተርጓሚ ፈቃድ ላይ ነው። «ማን ያስተረጉምላታል?» ስትል አባዬ ወደ እኔ አገጩን ቀሰረ።

«አንተ ስንተኛ ክፍል ነህ?»

«አሥረኛ።»

«ትዋሻለህ?»

«አልፎ አልፎ» አልኳት። ምን ነካኝ? እሷ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለችና ስሜን ጻፈች።


እሑድ፣ የካቲት 3

ጠበቃው ድምቡሼን ሊያስጠናት ቤት ድረስ መጣ። የአባዬን የሱቅ ወንበር ከፍ አድርጎ አስቀመጣትና በፊቷ ይንጎራደዳል። እኔ እያስተረጎምኩ ነው።

«እናትሽ ስንት ፓስፖርት ነበራት?»

«ሁለት።»

«አንድ! አንድ በይ።»

«ሁለት ግን ነው።»

«የኔ ልጅ፣ እዚህ ሁለት የሚባል ነገር የለም። አንድ። አሮጌው። አዲስ አይተሽ አታውቂም።»

ድምቡሼ ወደ እኔ ዞረች። «ይሄ ሰውዬ መቁጠር አይችልም እንዴ?»

ይህችን አላስተረጎምኩለትም። ከዚያ ግን ለእሱ የሚስማማውን እያሳመርኩ ነገርኳት፤ ልክ እንደ መዝሙር ደጋግማ አጠናችው። «እናቴ አንድ ፓስፖርት ነበራት፤ አሮጌ ነው፤ ሌላ አላውቅም።» አምስተኛው ላይ እማዬ ከጓዳ ብቅ አለችና አየችን። ጠበቃውን እንኳን ቁጭ በል አላለችውም።

ልጅ ዋሺ ብዬ ያስጠናሁ እኔ ነኝ። እትዬ ብታየኝ ጫማዋን ነበር የምትወረውርብኝ።


ማክሰኞ፣ የካቲት 12

ነገ ነው። ሸሚዜን እማዬ ተኮሰችው፤ እንደ ሆቴል አንሶላ ነው የሚቆመው። ድምቡሼ መዝሙሩን ገላዋን ስትታጠብም ዘፈነችው። አባዬ እራት አልበላም። ሒሳብ አልሠራሁም። ነገ ነው።


ረቡዕ፣ የካቲት 13

ከመጀመሪያው ልጀምር፤ አንዱንም መርሳት አልፈልግም።

ዛሬ በመስኮት አይደለም፤ ክፍል ውስጥ ነው። ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ የማይሠራ ማራገቢያ። አባዬ ውጭ አግዳሚው ላይ እንዲቆይ ታዘዘ። ባለ መነጽሯ ለድምቡሼ ከረሜላ ሰጠቻትና ወደ እኔ ዞረች።

«የምትለውን እንዳለ ትነግረኛለህ። አትጨምር፣ አትቀንስ፣ አታሳምር።»

መጀመሪያ ቀላል ቀላል ጥያቄ ነበር። ከማን ጋር ነው የምትኖሪው? አያትሽ ምን ይሠራል? የት ነው የምትተኚው?

«አጎቴ ክፍል። አጎቴ ያንኮራፋል።»

«ያንኮራፋል ትላለች» አልኩ። ሴትዮዋ ጻፈችው። የመንግሥት ፋይል ላይ ጻፈችው!

«እናትሽ ከአውሮፕላን ወርዳችሁ እዚህ ስትገቡ፣ በሩ ላይ ምን አሳየች?»

አስተረጎምኩላት። ድምቡሼ ከረሜላውን ከአንድ ጉንጯ ወደ ሌላው አዛወረችና በዚያኛው ቋንቋ ጠየቀችኝ፦ «አጎቴ፣ የቱን ልንገራት? ጠበቃው ያስጠናኝን ነው ወይስ የሆነውን?»

ክፍሉ ውስጥ ይህን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። «አንድ ፓስፖርት፣ አሮጌውን» ብል ያበቃ ነበር። ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች። ከውጭ አባዬ ሲያስል ይሰማኛል። ድምቡሼ ደግሞ ዓይኔን ታያለች፤ የምትሠራውን ነገር ከእኔ ለመማር የተቀመጠች ትመስላለች። እሱ ነው ያሸነፈኝ።

«‹ጠበቃው ያስጠናኝን ልንገራት ወይስ የሆነውን?› ትላለች» አልኩ።

ባለ መነጽሯ መነጽሯን አወለቀች። ያለ መነጽር የሆነ ሰው እናት ትመስላለች።

«ሁለቱንም ትንገረኝ።»

ድምቡሼ መዝሙሩን በአንድ ትንፋሽ አለችው። ከዚያ ቀጠለች፤ እኔም ተከትዬ አልኩ፦ «የሆነው ደግሞ፣ እማ ሁለት አላት። አዲሱን እዚያ አሳየች። አውሮፕላን ውስጥ ካልሲዋ ውስጥ ከተተችው። እዚህ አሮጌውን አሳየች። እስክናልፍ ዝም በይ አለችኝ፤ ዝም አልኩ። ካለፍን በኋላ ‹አሁን የፈለግሽውን ማውራት ትችያለሽ፤ ገብተናል› አለችኝ። አቅፋኝ ሮጠች።»

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ብዙ ጻፈች፤ ያልኩት ግን ያን ያህል አልነበረም።

«አባትህን ጥራው።»

አባዬ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ገባ።

«አባት፣ ሌላ ፓስፖርት አለ?»

እኔን አየኝ። ድምቡሼን አያት። ድምቡሼ እጇን አውለበለበችለት።

«አለ» አለ።

«የት ነው ያለው?»

«ሱቅ። ምላጭ የማስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ።»

«ታዲያ ለምን ‹የለም› አሉኝ?»

«ልጄን አታላይ እንዳትሏት ነዋ! የውጭ ሰው ናት እንዳትሏት!»

«እኔ ከጥር ጀምሮ የምለምንዎት እሱን ነው እኮ!» ጮኸች፤ ግን የተቆጣች አትመስልም፣ የደከማት ነው የምትመስለው። «አሮጌው እናትየው ከእኛ መወለዷን ይነግረኛል። አዲሱ የዚህች ልጅ እናት መሆኗን ይነግረኛል። አንዱን ብቻ ይዞ የሚመጣ ሰው ግማሽ እናት ነው የሚያመጣልኝ። ሁለቱን አንድ ላይ ካገኘሁ ለልጅቷ የትውልድ ካርድ አወጣላታለሁ። የውጭ ፓስፖርቷንም አትጥል፤ ትውልዷ ከዚህ ስለሆነ ትኖራለች፣ ትማራለች። አሥራ ስምንት ሲሞላት የቱ ዜግነት እንደሚሻላት ራሷ ትወስን።»

አባዬ ወንበር ሳይሰጡት ተቀመጠ። «ቅጣቱስ?»

«አልመልስም ብላ ያስቀረችው እሷ በሕይወት ብትኖር ኖሮ እቀጣት ነበር። አሁን ማንን ልቅጣ? አሮጌውን እሰርዘዋለሁ፤ አለቀ።»

«እኛስ፣ ተባባሪ አንባልም?»

«ማነው እንዲህ ያላችሁ?»

«ጠበቃ ነው።»

«የምን ጠበቃ?»

አባዬ ኮፍያውን በእጁ አዟዟረው። ድምቡሼ ግን ጥያቄው ገብቷት ኖሮ በእኛ ቋንቋ ጮክ ብላ «ጢሙ ግማሽ!» አለች።

ከዚህ በኋላ የሆነውን መጻፍ አልችልም፤ ምክንያቱም አራታችንም እየሳቅን ነበር፤ ሳቄ ሲያልቅ ፊቴ ለምን እንደረጠበ አላወቅኩም።


ሐሙስ፣ የካቲት 14

ትምህርት ቤት ቀረሁ። አባዬ «አብረኸኝ ና» አለኝ፤ ሌላ ምክንያት አልሰጠኝም።

ባለ መነጽሯ ሁለቱን ፓስፖርቶች ጎን ለጎን ገልጣ አስቀመጠቻቸው። በአሮጌው ላይ እትዬ ልትሄድ የተነሳችው ፎቶ ነው፤ ፀጉሯ ጥብቅ ብሎ ተይዟል፣ ፎቶ አንሺው ያናደዳት ይመስላል። በአዲሱ ላይ ፀጉሯ አጥሯል፤ ጉንጯ ሞልቷል፤ ልትስቅ ስትል ዝም በይ ያሏት ትመስላለች። በሁለቱ መካከል ያለውን ጊዜ ሁሉ እኔ በስልክ ነው የማውቀው።

ባለ መነጽሯ መቀስ አውጥታ የአሮጌውን ጥግ ልትቆርጥ ሞከረች፤ ሽፋኑ ወፍራም ነው፣ መቀሱ ያኝካል።

«ደንዟል» አለ አባዬ። «ነገ ይዤው ልሂድና ልሳልልዎት?»

«አባት፣ ጉቦ እንዳይመስልብን» አለችው። ከዚያ ቆረጠችው፣ ማኅተም መታችበትና ፓስፖርቱን መልሳ ሰጠችው። ይወስዱታል ብዬ ነበር። አይወስዱትም፤ ለቤተሰብ ይመለሳል።

አባዬ ፓስፖርቱን ይዞ ቆመ። «እንግዲህ ልጄ የሞተችው የማን ሆና ነው?»

«በሕጉ የዚያ አገር ዜጋ ሆና ነው።» አላለሰለሰችውም።

«መቃብሯስ?»

«መቃብር እኛ ጋ አይመዘገብም፣ አባት። እርስዎ የቀበሯት ቦታ ናት። ማንም አይነካትም፤ የሚነካም ሕግ የለም።»

ይህን እኔ ልጠይቅ ስንት ሳምንት አፌ ላይ ይዤው ነበር! እሱም ይዞት ኖሯል።

መታጠቢያ ቤት ሄድኩ። ሳሙና የለም፤ ቢሆንም ፊቴን ብዙ ታጠብኩ። ስወጣ አባዬ በር ላይ ተራውን ይጠብቃል። «ፎጣ የለም» አልኩት። «ግድ የለም» አለኝና ገባ። እሱም ቆየ።

ማታ ሱቁን ዘግተን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ማሽኑን ያዝ» አለኝ። እኔ! አንገቱ ጋ ሁለት ቦታ አበላሸሁበት። መስታወቱን አይቶ «በነፃ ስለሆነ ይሁን» አለ። ያለ ጢም ሳየው ከስቷል።


ማክሰኞ፣ የካቲት 19

ጠበቃው ፀጉሩን ሊቆረጥ መጣ። ታሪኩን ሰምቷል። «እኔ እኮ ያልኳችሁ ጊዜው ሲደርስ አውጡት ነው» አለ። ተራውን የሚጠብቀው ታክሲ ነጂ ሳቅ አመለጠው። አባዬ ጠበቃውን ግማሹን ላጭቶ ሻይ ልጠጣ ብሎ ወጣ። ብዙ ቆየ።


እሑድ፣ የካቲት 24

እማዬ ለጋሼ ነገረችው። የሚጮህ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዋ አራቅኩላት። እሱ ግን «ፓስፖርቷ አልተነካም?» አለ።

«አልተነካም። እንዳለ ነው።»

«እሰይ። እሰይ።» ትንፋሹ ይሰማል። «አልጋ ገዝቼላት ነበር። ትንሽ አልጋ። ግድግዳውንም ቀለም ቀብቼዋለሁ።»

እማዬ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ወንድሟ አልጋ የመግዛት ሰው አይደለም፤ ዘመኑን ሁሉ ሶፋ ላይ ነው የሚተኛው።

«ትመጣለች ጋሼ» አልኩት እኔ፤ ማን ጠየቀኝ? «ትምህርት ሲዘጋ ትመጣለች። ፓስፖርቷ ለዚህ ነው።»

«አንተስ አትመጣም?»

«እኔ ቪዛ ነው የሚያስፈልገኝ።»

ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ልክ ጎረቤት እንዳይሰማው፦ «እሱ የትውልድ ካርድ የምትሉት... ለትልቅ ሰውም ይሰጣል? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።»

እማዬ ስልኩን ነጠቀችኝ። «አሮጌውን ፓስፖርትህን አንተስ የት ነው የደበቅከው?»

መልሱን አልሰማሁም፤ ግን እማዬ «ማቀዝቀዣ ውስጥ!» ብላ ጮኸች።


ዓርብ፣ መጋቢት 13

ካርዱ ወጣ።

ባለ መነጽሯ በመስኮቱ አቀበለችን። ድምቡሼ ፎቶዋን አይታ ጆሮዬ ትልቅ ሆነ ብላ አኮረፈች። «ጆሮም አንመዘግብም» አለቻት ሴትዮዋ። አባዬ ካርዱን በደረት ኪሱ ከተተው፤ ታክሲ ውስጥ ሦስቴ ዳሰሰው። የሰፈሩ ትምህርት ቤት ሰኞ ይቀበላታል።

ቤት ስንገባ አባዬ ለደንበኞቹ ካርዱን ማሳየት ጀመረ፤ እኔ ለእማዬ ልነግራት ጓዳ ሮጥኩ። በዚህ መካከል ድምቡሼን ያየ የለም። ማሽን ሲበራ ሰምተናል፤ ግን ፀጉር ቤት ውስጥ ማሽን ሲበራ ማን ዞሮ ያያል?

መስታወቱ ፊት ወንበሩ ላይ ቆማ፣ ከግንባሯ ጀምራ እስከ አናቷ ድረስ መንገድ አውጥታበታለች። ሰፊ፣ ቀጥ ያለ መንገድ።

እማዬ አየቻት። «ምንም አይደል የኔ እመቤት» የምትል መስሎኝ ጠበቅኩ።

«አንቺ ልጅ!!» መስኮቱ ነው የተንቀጠቀጠው። «ምን አባሽ ነው የሠራሽው? ሰኞ ትምህርት ቤት በዚህ ጭንቅላት ልትሄጂ ነው? ማሽን ንኪ ያለሽ ማነው? ውረጂ! ውረጂ ብያለሁ! እናትሽም በልክሽ እያለች ይህንኑ ነበር የሠራችው፤ እሷን ሳሳድግ ያረጀሁት አንሶኝ...!»

ደንበኞቹ ጋዜጣቸው ውስጥ ገቡ። ድምቡሼ አፏን ከፍታ ቀረች። እዚህ ከመጣች ጀምሮ ማንም ጮሆባት አያውቅም። ከዚያ ፊቷ ቀላና፣ እግሯን መሬት ላይ መታችና፣ በእኛ ቋንቋ፣ ጥርት አድርጋ «አልፈልግም!» ብላ ሮጠች። የክፍሌን በር በላይዋ ላይ ዘጋችው።

«በሩን ቀስ!» አለች እማዬ ተከትላት። «የአባትሽ ቤት መሰለሽ?»

«የአያቷ ነው» አለ አባዬ፣ ከደንበኛው ጆሮ ጀርባ እያስተካከለ።

እማዬ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። «አንተ ደግሞ ዝም በል፤ ማሽኑን ሰክተህ የተውከው አንተ ነህ» አለችውና ወደ ጓዳ ተመለሰች። ድስት ስታጋጭ ይሰማል። እያንጎራጎረች ነው።

በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። አንኳኳሁ፤ «አልፈልግም!» አለችኝ፤ አዲስ ያገኘቻት ቃል ጥማታለች። ልብሴም፣ የትምህርት ቤት ደብተሬም፣ ለሰኞ የምሠራው የኬሚስትሪ መልመጃም ውስጥ ነው። ይህን የምጽፈው ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ጀርባዬን በሩ ላይ አስደግፌ ነው። ከወዲያ በኩል እሷም ተደግፋለች መሰለኝ፤ በሩ ትንሽ ትንሽ ይነቃነቃል።

ትክፈት ስትል ትክፈት። አልቸኮልኩም።